ውሃ ልክ

ከፍራንኮ ቁልቁል፣ ከመጋዘኑ በር፣
ሦስት እግሬን ተከልኩ ሰኔ ሲጀማምር።
ነጂብ ዘንጉን ይዞ ቆመ ከቱቦው ጫፍ፣
ቀይና ጥቁር ቁጥር፣ ጥላው ረዥም ሰያፍ።
"ወደ ግራ ትንሽ… ቀጥ በል… ቆይ፣ ልጻፍ።"

አዳማ ሳህን ናት። ጠርዟ ላይ፣ ከኮረብታው፣
ክንፋም ምሰሶዎች፣ ነፋስ የሚያዞራቸው፤
ላይኛው ሰፈር ዘንቦ፣ እዚህ ጠጠር ሲግል፣
ጎርፍ በሩን ይገፋል አንዴም "ቤቶች!" ሳይል።
ይዞታ ካርታው ላይ ካሬው ተጽፏል፤
ከፍታው ግን የለም፣ ያ ለኔ ተትቷል።

አቶ ገመዳ መጡ በነጭ ፒካፓቸው፣
የባንኩ ደብዳቤ ታጥፎ በኪሳቸው።
የገዙት በጥር ነው፣ አቧራው ሲቦን፤
ሻጩም ያሳያቸው በርና ቀለሙን።
"ወረቀት ነው እንጂ ባንኩ የሚጠይቀው፤
ቦታው ደረቅ ነው በል፣ ሌላውን ለኔ ተው።
ጎርፍስ ቢሆን ደግሞ፣ የሚያልፍ ዝናብ ነው።"
ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ይሉኝታ ይዞኝ ነው።

ጋሽ ወዳጆ ብቻ፣ ዘበኛው፣ አልሳቁም።
በዱላቸው ጫፍ
በደረቴ ትይዩ ግድግዳውን ነክተው
"ፋቅ አርገው" አሉኝ።

ፋቅሁት በቁልፌ።
ክሬሙ ተላጠ፤ ከሥሩ ሰማያዊ፣
ከሰማያዊው ሥር የደበዘዘ ቢጫ፣
ከቢጫውም በታች
ቡናማ መስመር፣ ያለ ማስመሪያ የተሰመረ።

ውሃ ልኬን አውጥቼ አናቱ ላይ ጫንኩት።
አረፋዋ ዋኝታ፣ ዋኝታ፣
መሀል ላይ ቀጥ አለች።
ይህ ጎርፍ የት ተማረ? ማን ቃላድ ያዘለት?
ስንት ዓመት "ውሃ ልክ፣ ውሃ ልክ" ስል ኖሬ
የማን ልክ እንደሆነ ያን ዕለት ገባኝ።

መቼ ነበር? ብላቸው ዓመቱን አያውቁም።
"ስኳር ነበር ያኔ፣ ሦስት መቶ ኩንታል፤
ባንድ ሌሊት ቀለጠ። ጠዋት ስነሣ
ጭቃው ይጣፍጣል።
ሳምንት ሙሉ ንብ ወረደብን፣
በር መክፈት አቃተን።"

አንድ ሜትር ከሃያ። ጻፍኩት።
"አርባ ብትቀንስልኝ?" አሉ አቶ ገመዳ፣
እንደ ገበያ፣ ቀስ ብለው።
"እኔ ብቀንስልዎም
እሱ አይቀንስልዎም።"

አፍርሱት አላልኩም፣ ተዉትም አላልኩ፤
ያየሁትን ብቻ በሁለት ገጽ ጻፍኩ፦
ቱቦው ይከፈት፣ ደለሉ ይጠረግ፣
የመብራቱ ሳጥን ከራስ በላይ ይደረግ፤
ጆንያው በርብራብ ላይ ከፍ ብሎ ይደርደር፣
ተከራይ ሲመጣም እውነቱ ይነገር።

"ሻጩ ያውቅ ነበር?" አሉኝ ሲለያዩኝ።
ግድግዳውን አየሁ። ሦስት እጅ ቀለም።
ሰው ያላወቀውን ነገር
ሦስት ጊዜ አይቀባም።

ፈረምኩ። ወሰዱት።
ባንክ ይስጡት፣ መሳቢያ ይቆልፉበት፣
አልጠየቅሁም።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ በቦኩ በኩል
ሰማዩ ከሰል መስሎ ዋለ።
ሌሊት ቆርቆሮዬ ሲንጫጫ
በጀርባዬ ተንጋልዬ አሰላለሁ፣
በየስንት ደቂቃው ስንት ጣት እንደሚያድግ፣
ከየትኛው በር እንደሚጀምር።

ሲነጋ ስልክ ጮኸ። ጋሽ ወዳጆ ናቸው።
"ዱቄቱን አንሥተን ነበር፣ እንደ ጻፍከው፣ ርብራብ ላይ።"
"ስኳሩስ?"
ዝም አሉ። ከበስተኋላቸው
መጥረጊያ ሲሚንቶ ይፍቃል፣
ጭቃ በባልዲ ይደፋል።
"መስመሩ ጋ ደረሰ?"
"ሁለት ጣት ሲቀረው።"
ከዚያ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦
"በል ቶሎ ና። ንቦቹ ጀምረዋል።"